ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከእኛ ከወላጆች ምን ይጠበቃል?

አርብ ጠዋት፣ ለሰንበት የሚሸምተው ሰው በሚበዛበት በሐደራ ገበያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት እየተመረጠ ከሚወሩት ወሬዎች አንዱ የልጆች ነገር ነው። «የእገሌ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ»፣ «የእገሊትን ልጅ ለነርስነት ተቀበሏት» ሲባል ምርቃቱ ይዥጎደጎዳል። ከአራትና ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ በዚያው ገበያ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ «ትቶታል አሉ» የሚል ወሬ ይሰማል። ለምን እንደተወው የሚናገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ወላጆቹም አያውቁም።

በዚህ ሳምንት ገጻችን የምናስረዳው ስለዚሁ ነው። ወታደርነቱን ጨርሶ፣ ባግሩቱንና ፕሲኾሜትሪውን አልፎ የገባ ልጅ ጭንቅላት አንሶት ገባ አይባልም። በመጀመሪያው ዓመት አብዝተው የሚጥሉት ሁለት ነገሮች የሰዓት ማነስና ዝምታ ናቸው። ሁለቱም ላይ ደግሞ ዕብራይስጥ የማናነብ ወላጆች እንኳ ልንረዳው የምንችለው ነገር አለ።

የምናውቀው ዩኒቨርሲቲና የእዚህ አገሩ

ብዙዎቻችን «ዩኒቨርሲቲ» ሲባል በዓይናችን የሚመጣው የኢትዮጵያው ነው። ጎንደር ያደግን የጤና ኮሌጁን እናስታውሳለን፤ በ1954 የተከፈተ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 ሥራ ጀመረ፤ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያ ዘመን የገባ ተማሪ ግቢ ውስጥ ያድራል፣ ከግቢው ማዕድ ይበላል፣ ሲመረቅም ሥራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለወላጅ «ገባ» ማለት «ደረሰ» ማለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንግሥት ይችለዋል።

እዚህ አገር «ገባ» ማለት «ጀመረ» ማለት ብቻ ነው። ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ ኮምፒውተሩንና መጓጓዣውን የሚችለው ተማሪው ራሱ ነው። መዖኖት የሚባለው የተማሪዎች ማደሪያም ኪራይ አለው፤ ቦታውም ለሁሉም አይበቃም።

ሌላም ትልቅ ልዩነት አለ። ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለ ሲቀር ወይም ሲያጠፋ መምህሯ ትደውልልን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የሚደውል የለም። ተማሪው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ስለሆነ ውጤቱ የሚነገረው ለእሱ ብቻ ነው። ስልኩ ዝም ስላለ ብቻ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም።

የዓመቱ አካሄድ

የትምህርቱ ዘመን የሚከፈተው ከበዓላት በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ነው። ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ ግን መክፈቻው ተገፍቶ እስከ ዲሴምበር 31፣ 2023 ዘግይቶ ነበር። ዓመቱ በሁለት ሴሜስተር ይከፈላል፤ አንዱ ሴሜስተር 13 ሳምንት ያህል ነው። ከዚያ የፈተና ወቅት ይከተላል። በዚያ ወቅት ትምህርት ስለሌለ ልጁ ቤት ይውላል። «ሥራ ፈቶ ተቀመጠ» የምንለው ጊዜ የዓመቱ ከባዱ ጊዜ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከልጆቻችን ስልክ የምንሰማቸው አንዳንድ ቃላት ትርጉማቸው እንዲህ ነው።

ሞዔድ አሌፍና ሞዔድ ቤት፦ አሌፍ የመጀመሪያው የፈተና ቀን ነው፤ ቤት ሁለተኛው ዕድል ነው። በሞዔድ አሌፍ የወደቀ ተማሪ ከትምህርቱ ተባረረ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሴሜስተር በአንድ ትምህርት መውደቅ የብዙ ጥሩ ተማሪዎች ታሪክ ነው። ልጁ «ወደቅሁ» ሲለን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሞዔድ ቤት መቼ ነው?» የሚለው ነው።

ንኩዶት፦ ለእያንዳንዱ ትምህርት የሚሰጥ ነጥብ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ንኩዶት ይጠይቃል። ያለፈው ነጥብ ይመዘገባል፤ ዓመቱ ቢከብድም የተሠራው አይጠፋም።

ደካን ሀስቱደንቲም፦ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ነው። የገንዘብ ችግር፣ አስጠኚ፣ ምክር፣ የፈተና ተጨማሪ ሰዓት የሚጠየቀው እሱ ቢሮ ነው። በብዙ ተቋማት ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጡ ተማሪዎችን የሚከታተል ሰውም በዚሁ ቢሮ ሥር ይገኛል።

ፕቶር በእንግሊዝኛ፦ ብዙው ንባብ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው በገባበት ውጤት መሠረት በደረጃ ይመደባል፤ «ፕቶር» የሚባለው ደረጃ ላይ ካልደረሰ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳል፣ ለዝቅተኛዎቹ ደረጃዎችም ለብቻ ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት የወጪ ዕቅድ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የሚረሳው ይህንን ነው።

ሰዓቱ የት ይሄዳል?

አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ይቀመጣል እንበል። ቤት የሚነበበውና የሚሠራው ቢያንስ ያንኑ ያህል ነው፤ ሲደመር 40 ሰዓት ይሆናል። ይህ የሙሉ ቀን ሠራተኛ ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ከእንቅልፉ ወይም ከንባቡ ይነሳል።

መጀመሪያ ሥራውን እንመልከት። በኤፕሪል 2025 በወጣው ተመን ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 6,247.67 ሸቅል፣ በሰዓት ደግሞ 34.32 ሸቅል ነበር። በዚያ ተመን ሲሰላ በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ተማሪ በሳምንት 686.40፣ በአራት ሳምንት 2,745.60 ሸቅል ያገኛል። ሰዓቱን ወደ 30 ቢያሳድገው በሳምንት የሚጨመርለት 343.20 ሸቅል ነው። እነዚያ የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዓቶች ግን አንድ ሙሉ ኮርስ የሚነበብባቸው ናቸው። ኮርሱ ከወደቀ ይደገማል፤ ዲግሪው በአንድ ዓመት ከዘገየ ደግሞ የሚቀረው የአንድ ዓመት የባለሙያ ደመወዝ ነው። በዚህ ሒሳብ ውድ የሆኑት እነዚያ አሥር ሰዓቶች ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ሐደራ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፤ ሩፒን በደቡብ በኩል ቅርብ ነው፣ ከሐደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ወደ ሰሜን ሃይፋ፣ ወደ ደቡብ ቴል አቪቭ ይደረሳል። ቤት አድሮ መመላለስ ኪራይ ያድናል። ነገር ግን ከጊቫት ኦልጋ አውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ እንደገና አውቶቡስ የሚይዝ ልጅ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቤት ይቀመጥ ከተባለ፣ ቤት ውስጥ በር ተዘግቶ የሚነበብበት ቦታና ሰዓት ሊኖረው ይገባል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አላት፤ የሚማርበት ተቋምም አለው። በራቭ ካቭ ካርዱም ተማሪ መሆኑን ያስመዝግብ፤ ለተማሪ ቅናሽ አለ።

ሦስተኛው የእኛው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብልን፣ ኩፓት ሆሊም አብሮን የሚገባ፣ ከባንክ ጋር የሚነጋገርልን ይኸው ልጅ ነው። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ተዝካር አለ። ስግድም የሚውለው ሕሽቫን 29 ስለሆነ በሴሜስተሩ የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ይደርሳል። ልጁ ለእናቱ «አልችልም» ማለት ነውር ስለሚመስለው ይመጣል፤ ንባቡ ይቀራል። ከቤተሰቡ ይራቅ አንልም። ሥርዓት እናብጅለት ነው የምንለው።

ደብዳቤዎቹን በአንድ ቦታ አስቀምጡና በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ አርብ ከሰዓት በኋላ ሰንበት ሳይገባ፣ በአንድ ጊዜ ያንብብላችሁ። ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ በአማርኛ የስልክ ትርጉም እንዲደረግላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌሎች ልጆች ካሉ ሥራው ይከፋፈል፤ ሁልጊዜ ሴቷ ልጅ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ፈተናው ያለበትን ቀን በግድግዳው መቁጠሪያ ላይ በቀይ ይጻፍላችሁ፤ ሠርጉ በዚያ ሳምንት ከሆነ ዘመድ አዝማዱን «ልጄ ፈተና ላይ ነው» ብሎ ማስረዳት የወላጅ ሥራ ነው። ልጁ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ አባት ወይም እናት ሲናገሩት ይከበራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ናቸው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በመንግሥት በጀት በሚደገፉ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ በመንግሥት የሚወሰን ነው፤ በዓመት ከ11 እስከ 12 ሺህ ሸቅል አካባቢ ይሆናል። በግል ኮሌጆች ግን ክፍያው የዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ተቀበሉኝ» ሲል «በበጀት የሚደገፍ ነው ወይስ የግል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለክፍያው የሚረዱ በሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላውን ማንኳኳት ይገባል።

በክሊታ ሚኒስቴር ሥር ሚንሀል ሀስቱደንቲም የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ለዓሊያ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ የሚረዳው እሱ ነው። መብቱ እንደ ዓሊያው ዘመን፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ተቋሙ ስለሚለያይ ልጁ እዚህ የተወለደም ቢሆን «አይገባኝም» ብሎ እንዳይተው፤ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

ወታደር የነበረ ልጅ ፒካዶን የሚባል በስሙ የተቀመጠ ገንዘብ አለው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የሚወጣው ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ነው፤ ትምህርት አንዱ ነው፣ ሠርግም አንዱ ነው። ለድግስ ወጥቶ ካለቀ ለትምህርት አይመለስም። እንደ አገልግሎቱ ዓይነት የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ትልቅ ድርሻ የሚሸፍን ድጋፍም ለተሰናበቱ ወታደሮች አለ።

ፔራሕ የሚባለው ድርጅት በ1974 በዋይዝማን ተቋም የተጀመረ ነው። ተማሪው በሳምንት ጥቂት ሰዓት አንድን ልጅ ያስጠናል፣ ያጫውታል፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያውን በከፊል የሚሸፍን ሚልጋ ያገኛል። ከሰፈራችን ልጆች መካከል አንዱ በእንዲህ ያለ አስጠኚ ታግዞ ሲያድግ ያየን ብዙዎች ነን፤ አሁን ልጃችን በተራው አስጠኚ ይሆናል።

ከዚህ በተጨማሪ ተቋሙ ራሱ፣ ከተማዋ አስተዳደርና በጎ አድራጊ ድርጅቶች የሚሰጡት ሚልጋ አለ። ሁሉም የመመዝገቢያ ቀን አላቸው፤ ቀኑ ካለፈ የሚገባውም ሰው አያገኝም። የሚጠየቁት ወረቀቶች ብዙ ጊዜ የእኛ ናቸው፦ የወላጆች የደመወዝ ትሉሽ፣ የብቱዋሕ ለኡሚ ማረጋገጫ፣ የቴውዳት ዜሁት ቅጂ። እነዚህን በአንድ ፋይል አዘጋጅተን መጠበቅ እንችላለን። ልጁ ማታ ደውሎ «አባዬ፣ ትሉሽህን ላክልኝ» ሲል በማግሥቱ ካገኘ ሚልጋው ሊያልፈው አይችልም።

ምግቡም ገንዘብ ነው። ማደሪያ የገባ ልጅ በየቀኑ ከመንገድ እየገዛ ከበላ የሥራው ደመወዝ እዚያው ያልቃል። አርብ ገበያው ሊዘጋ ሲል ብዙ ጊዜ ዋጋው ስለሚቀንስ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ምስር በዚያን ጊዜ ይገዛለት። ሽሮና በርበሬ፣ ድርቆሽና ቆሎ በቀላሉ አይበላሹም፤ እሑድ ጠዋት ሻንጣው ውስጥ ይግቡ። ድርቆሽ በሙቅ ውኃና በበርበሬ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ሰዓት ሥራ ከመጨመር አንድ ከረጢት ሽሮ መላክ ይቀላል።

ሥራው ላይ ያሉት መብቶች

ተማሪ የሆነ ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው። «የሙከራ ቀን ነው» ተብሎ ያለ ክፍያ ማሠራት አይፈቀድም፤ ለልምምዱም ሰዓት ይከፈላል። በየወሩ ትሉሽ ይቀበል፤ ሰዓቱን ደግሞ በራሱ ስልክ ይመዝግብ። ነሲዖት የሚባለውን የመጓጓዣ ገንዘብ ይጠይቅ። በሁለት ቦታ የሚሠራ ከሆነ ከግብር መሥሪያ ቤት ቴኡም ማስ ያውጣ፤ ካላወጣ ከሁለተኛው ደመወዙ እስከ 47 ከመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ምንም የማይሠራ ተማሪም ለብቱዋሕ ለኡሚ ክፍያ አለበት፤ ዝም ካለ ዕዳው ይጠራቀማል።

የፈተና ወቅት ሲመጣ ሰዓት እንዲቀነስለት ለአሠሪው አስቀድሞ በጽሑፍ ይንገር። ሲቀጠር «ተማሪ ነኝ፣ በፈተና ወር ሰዓት እቀንሳለሁ» ብሎ የተስማማ ልጅ በኋላ አይጨቃጨቅም።

ከመፈረም በፊት

ወላጆችን «ዓሬቭ ሁኑ» ማለት ለብድር ወይም ለኪራይ ዋስ ሁኑ ማለት ነው። ልጁ መክፈል ካቃተው የሚመጡት ወደ እኛ ነው። ያልገባንን ወረቀት አንፈርም፤ ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደን ሌላ ሰው ያንብብልን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

«በአንድ ዓመት ዲግሪ» እያለ በስልክ የሚያግባባ ካጋጠማችሁ ተቋሙ በማላግ ማለትም በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት የታወቀ መሆኑን ልጁ ያጣራ። በስልክ የተደረገ ግዢ በሕግ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑና እዚህ አገር ከገቡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ዖሊም፣ ግዢው በንግግር የተደረገ ከሆነ ጊዜው እስከ አራት ወር ይረዝማል። ኮርሱ ሳይጀመር ቶሎ መሰረዝ ይሻላል፤ ስረዛው በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂውም ይቀመጥ።

ዝምታውን መስበር

በሁለት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ የእሱን መልክ የያዘ ሌላ ሰው ያላየ ልጅ «እኔ እዚህ ቦታዬ አይደለም» የሚል ሐሳብ ሊመጣበት ይችላል። ሌሎቹ ወንድሞቻቸውና ወላጆቻቸው የተማሩ ናቸው፤ የትኛው መምህር ይቀላል፣ ያለፈው ዓመት ፈተና ከየት ይገኛል የሚለውን ከቤታቸው ሰምተው ይመጣሉ። የእኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ከቤቱ የመጀመሪያው ነው። የማያውቀው ስላልነገሩት ነው፤ መጠየቅ ግን ያሳፍረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለዚህ በስልክ «ስንት አገኘህ?» ከማለት ይልቅ ሌላ ጥያቄ እንልመድ። «በዚህ ሳምንት ማንን ጠየቅህ?» «አብሮህ የሚያነብ ሰው አገኘህ?» «ደካኑ ቢሮ ሄድህ?» እነዚህን ለመጠየቅ የትምህርቱን ዓይነት ማወቅ አያስፈልግም። «የእገሌ ልጅ እኮ» ብሎ ማወዳደር ደግሞ ልጁን ዝም ያሰኘዋል፤ ዝም ያለ ልጅ ችግሩን የሚነግረን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

በ2007 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ በተማሪ ላይ አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል፤ ለሚሉኢም ለሚጠሩና ለሚወልዱ ተማሪዎችም ማስተካከያ እንዲደረግላቸው ያዝዛል። ተቋማቱም የተማሪን አቤቱታ የሚሰማ ሰው አላቸው። የተሰደበ ወይም የተገፋ ልጅ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ጽፎ ያቅርብ፤ «ተወው፣ ቻለው» ብለን አንመልሰው። የማንበብ ችግር ያለበት፣ ወይም ዕብራይስጡ ገና የሆነ ዖሌ ሐዳሽ ከሆነ፣ በፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ሊሰጠው ይችላል፤ ጥያቄው ግን ከፈተናው ብዙ ቀደም ብሎ መቅረብ አለበት።

በመጨረሻም፣ አንዳንዴ የተመረጠው ትምህርት ለልጁ አይሆንም፤ ወይም ቤተሰብ ላይ በሽታና ሐዘን ይመጣል። ያኔ ማቆም ነውር አይደለም። ግን ክፍል መግባት ስላቆመ ብቻ ምዝገባው አይሰረዝም፤ ክፍያውም ይቀጥላል፣ ዕዳ ሆኖም ይመጣል። ማቆም ካለበት መጀመሪያ ደካኑን ያነጋግር፣ ትምህርት ክፍል መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ፣ ካልሆነም «ሃፍሳካት ሊሙዲም» የሚባለውን የማቋረጫ ወረቀት በጊዜው ሞልቶ ያስገባ። ያንን ወረቀት ከፈረመና የተቀበሉበትን ማረጋገጫ ከያዘ ያገኘው ንኩዶት በስሙ እንደተመዘገበ ይቆያል፤ መመለስ ሲፈልግም ከዜሮ አይጀምርም።